ስም የሌለው የድሮ ሌንስ፦ ስንት ሚሊ እንደሆነና ኤፍ ስንት እንደሆነ ቤታችሁ ለኩ

በየጊዜው አንድ ሰው የድሮ የናስ ሌንስ ፎቶ ይልክልኛል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ «ይሄ ስንት ሚሊ ነው? ኤፍ ስንት ነው?» አንዱ ከአባቱ ፎቶ ቤት ዕቃ መሃል ያገኘው ነው። ሌላዋ አውሮፓ ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛችው ነው። ፎቶ አይቼ ልነግራቸው አልችልም። ሁለት የሚመሳሰሉ ቱቦዎች ውስጥ ፍጹም የተለያየ መስታወት ሊኖር ይችላል። እናንተ ግን አንድ ምሽት ብቻ ካላችሁ፣ ሚሊውን አንድ በመቶ በማይሞላ ስህተት ልታውቁት ትችላላችሁ። ስለዚህ አሠራሩን አንዴ ከነምክንያቱ ልጻፈው።

ሚሊውን (ፎካል ሌንግዙን ማለቴ ነው፤ ሌንሱ የሩቅ ነገርን ብርሃን ሰብስቦ ጥርት ያለ ምስል የሚሠራበትን ርቀት) ካላወቃችሁ ሌንሱ ለየትኛው ካሜራ እንደሚሆን አታውቁም። ኤፉን (ሌንሱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስገባ የሚናገረውን ቁጥር) ካላወቃችሁ ደግሞ በግምት እያነሳችሁ ፊልም ታቃጥላላችሁ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብረቱን ስለሚለካ ነው። ቱቦውን፣ መስታወቱን፣ ቀዳዳውን ይለካል። መለካት ያለበት ብርሃኑ ነው፤ የት እንደሚሰበሰብና ምን ያህል ወፍሮ እንደሚገባ። ከዚህ በታች ያለው እርምጃ ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ርዝመቱ 1 ሜትር ተኩል የሚሆን የማይነቃነቅ ጠረጴዛ። ከሌለ ወለሉም ይሆናል።
- ሜትር፣ የብረት ማስመሪያ፣ ካለ ደግሞ ካሊፐር
- ሌንሱን የሚይዝ ጠንካራ የካርቶን ሳጥን
- ነጭ ወፍራም ካርቶን። ምስሉ የሚያርፍበት ስክሪን ይሄ ነው።
- ጥቁር ካርቶን
- ትሬሲንግ ፔፐር ወይም የመጋገሪያ ወረቀት
- የአሉሚኒየም ፎይል፣ መርፌ፣ ፕላስተር፣ የተቀረጸ እርሳስ
- መብራት ያለው ስልክ

ቤሎውስ (እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ መሃል) ያለው ትልቅ ካሜራ ካላችሁ የኋላ መስታወቱን እንደ ስክሪን ተጠቀሙበት። ከሌላችሁ ግን ምንም አይጎድልባችሁም።

ከመንካታችሁ በፊት

ፀሐይ። ሌንሱን ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ ትታችሁ እንዳትሄዱ። እንዲህ ያለ ሌንስ ፀሐይዋን አንድ ነጥብ ላይ ሰብስቦ መጋረጃ ማቃጠል ይችላል። በሌንሱ ውስጥ ፀሐይን ማየትማ ጨርሶ አይሞከርም፤ ዓይን ያጠፋል። ፀሐይን በመጠቀም ለኩ የሚል ምክር ከሰማችሁም ተዉት።

ዳያፍራሙ (ቅጠሎቹ ሲጠቡና ሲሰፉ ብርሃኑን የሚመጥነው ቀዳዳ) ከተጣበቀ አታስገድዱት። ቅጠሎቹን የያዙት ፒኖች ቀጫጭን ናቸው። አንዱ ከተሰበረ መጠገኑ ከባድ ነው።

አልኮል ውስጥ አትዘፍዝፉት፣ አታሙቁትም። መስታወቶቹ የተጣበቁት ባብዛኛው ከዛፍ በሚገኝ ሙጫ ነው፤ ሙጫው በሁለቱም ይጎዳል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠረግ ካደረጋችሁት ለልኬት ይበቃል።

ሌንሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ግን አትቸኩሉ

ረጅሙ ቁጥር የፋብሪካ ተራ ቁጥር ነው። «ቁጥር 2» ወይም «3ቢ» ዓይነቱ የመጠን ደረጃ ነው። 5 በ7፣ 8 በ10 የሚለው ደግሞ ሌንሱ የሚሸፍነውን የፕሌት (እንደ ፊልም የሚያገለግለው የድሮ መስታወት) ስፋት በኢንች የሚናገር ነው። አንዳቸውም ፎካል ሌንግዝ አይደሉም። 8 በ10 የሚለውን አይቶ «8 ኢንች ነው» ብሎ የሸጠም የገዛም ሰው አውቃለሁ።

እውነተኛው ፎካል ሌንግዝ ከተጻፈ በኢንች፣ በሴንቲ ወይም በሚሊ ይመጣል። ኢንቹን በ25.4 አባዙት። አሮጌ የፈረንሳይ ሌንስ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ የድሮው የፈረንሳይ ኢንች 27 ሚሊ ግድም ስለሆነ በ10 ኢንች ላይ 17 ሚሊ ገደማ ልዩነት ያመጣል። ተጽፎም ቢሆን ለኩ። ከመቶ ዓመት በላይ ሲዞር የኖረ ዕቃ ነው፤ የፊቱ ከአንድ ሌንስ፣ የኋላው ከሌላ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ዓይነቱን ለዩ። የፊቱ ክፍል በእጅ በቀላሉ የሚፈታ ከሆነ ፍቱትና አምፖል ስር ያዙት። (መስታወቱን ራሱን ከቀለበቱ አታውጡ።) መስታወቱ ላይ የአምፖሉን ነጸብራቅ ቁጠሩ። ሁለት ደማቅና አንድ በጣም ፈዛዛ ካያችሁ ሁለት መስታወት በሙጫ ተጣብቋል ማለት ነው። አራት ደማቅ ካያችሁ ሁለቱ መስታወቶች መሃል አየር አለ። የኋላውንም እንዲሁ እዩት። ሁለቱም ወገን ሁለት ደማቅና አንድ ፈዛዛ ከሆነ ምናልባት ራፒድ ሬክቲሊኒየር የሚባለው፣ የፊቱና የኋላው ክፍል አንድ ዓይነት የሆነ ሌንስ ነው። የፊቱ የተጣበቀ፣ የኋላው አራት ደማቅ ከሆነ ደግሞ የፔትዝቫል ዓይነት፣ የፖርትሬት ሌንስ ነው። ይሄን ማወቁ የሚጠቅመው ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር እውነት ይመስላል ወይስ አይመስልም ለማለት ነው። ጤነኛ ፔትዝቫል ኤፍ 4 አካባቢ፣ ራፒድ ሬክቲሊኒየር ኤፍ 8 አካባቢ ይሰጣችኋል።

ክፍል አንድ፦ ፎካል ሌንግዝ

ችግሩን በቅርብ ላሳያችሁ። እኔ ጋ ምንም ያልተጻፈበት የፔትዝቫል ዓይነት ሌንስ አለ። ሩቅ ያለ ሕንፃ ስክሪን ላይ ጥርት ሲል፣ ከኋላው መስታወት እስከ ስክሪኑ 14 ሴንቲ ነው። ከፊቱ መስታወት 25 ሴንቲ። ከመሃል ከለካሁት 19 ተኩል። የቱ ነው ልክ? አንዱም አይደለም። ልኬቱ የሚነሳበት ነጥብ ቱቦው ውስጥ የሆነ ቦታ ነው፣ ምልክት የለውም፣ በአንዳንድ ሌንስ እንዲያውም ከቱቦው ውጭ ነው። ስለዚህ ያን ነጥብ ፍለጋ ከመልፋት፣ ነጥቡን ጭራሽ የማይፈልግ ዘዴ እንጠቀማለን። ስክሪኑን ሁለት ቦታ ላይ ፎከስ እናደርጋለን፣ በሁለቱ መሃል ያለውን ርቀት እንወስዳለን። መነሻው የትም ይሁን፣ ስንቀንስ ይጠፋል።

1. ሳጥኑ ላይ ሌንሱን አጥብቆ የሚይዝ ቀዳዳ ቁረጡ። ሌንሱን ፊቱ ወደ መስኮት እንዲያይ አስገቡት። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር አጣብቁ። ከዚህ በኋላ ሌንሱ እስከ መጨረሻው አይነቃነቅም። 2 ሚሊ ቢንሸራተት ያ 2 ሚሊ ውጤታችሁ ውስጥ ይገባል።

2. ሜትሩን ከሌንሱ ኋላ ዘርግታችሁ ከጠረጴዛው ጋር አጣብቁ። ነጩን ካርቶን ቀጥ ብሎ እንዲቆም ወፍራም መጽሐፍ ላይ ለጥፉት። የመጽሐፉ ጠርዝ ሜትሩን እየታከከ ይሂድ።

3. ዳያፍራም ካለው አንድ ሁለት ደረጃ ዝጉት፣ ከዚያ ሁለቱ ልኬቶች እስኪያልቁ አትንኩት። የድሮ ሌንስ ሙሉ ሲከፈት ምስሉ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ፎከሱም ዳያፍራሙ ሲቀየር ቦታውን ይለቃል። አንዱን ልኬት ከፍታችሁ ሌላውን ዘግታችሁ ከወሰዳችሁ የተለያየ ነገር ነው የምትቀንሱት።

4. ወደ ምሽት፣ 12 ሰዓት ግድም ላይ ጀምሩ። ክፍሉን አጨልሙ። ሌንሱን ሩቅ ወዳለ ነገር አዙሩ፤ የኔትወርክ አንቴና ላይ ያለች ቀይ መብራት፣ ሩቅ ሕንፃ ላይ የበራ መስኮት ጥሩ ነው። ስክሪኑን ወደፊትና ወደኋላ እያላችሁ ምስሉ በጣም ጥርት የሚልበትን ቦታ ፈልጉ። መሃሉን ብቻ እዩ፤ የድሮ ሌንስ ዳሩ ላይ ፎከሱ ሌላ ቦታ ነው። የሜትሩን ቁጥር ጻፉ። ይሄ «ምልክት አንድ» ነው።

ምን ያህል ሩቅ ይበቃል? የፎካል ሌንግዙን 500 እጥፍ ያህል። ለ200 ሚሊ ሌንስ 100 ሜትር ማለት ነው፤ ስህተቱ ግማሽ ሚሊ አይሞላም። የጎረቤት በር ላይ፣ 20 ሜትር ላይ ፎከስ ካደረጋችሁ ግን ከ2 ሚሊ በላይ ትሳሳታላችሁ።

5. ጥቁሩ ካርቶን ላይ ልክ 50 ሚሊ የተራራቁ ሁለት የመርፌ ቀዳዳዎች ብሱ። ከኋላቸው ነጭ ወረቀት፣ ከወረቀቱ ኋላ የስልኩን መብራት አድርጉ። መጋረጃውን ዝጉ። ካርቶኑን ከሌንሱ ፊት አቁሙት። ቀዳዳዎቹ ከሌንሱ መሃል ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ።

6. አሁን ስክሪኑን ወደኋላ ራቅ አድርጉ፣ ሁለት የብርሃን ነጥቦች እስኪታዩ ድረስ። በነጥቦቹ መሃል ያለው ርቀት ከ50 ሚሊ ካነሰ ካርቶኑን ወደ ሌንሱ አስጠጉ፣ ስክሪኑን ራቅ አድርጉ። ከበለጠ ተቃራኒውን። ወደ 50 ሲቀርብ ነጥቦቹን በደንብ ፎከስ አድርጉና ቁሙ። ካርቶኑም ስክሪኑም ከሌንሱ የፎካል ሌንግዙን ሁለት እጥፍ ያህል ርቀው ታገኟቸዋላችሁ። የሜትሩን ቁጥር ጻፉ፤ «ምልክት ሁለት» ይሄ ነው። የነጥቦቹንም ርቀት በካሊፐር ለክታችሁ ጻፉ።

ልክ 50 ካልመጣ አትጨነቁ። ሒሳቡ ያስተካክለዋል።

7. ከምልክት ሁለት ላይ ምልክት አንድን ቀንሱ። በ50 አባዙ። ስክሪኑ ላይ ለለካችሁት የነጥቦች ርቀት አካፍሉ። ያ ፎካል ሌንግዙ ነው።

የእኔን ልንገራችሁ። ምልክት አንድ 312 ሚሊ ላይ፣ ምልክት ሁለት 518 ላይ ነበር። ልዩነቱ 206። ነጥቦቹ 48.5 ሚሊ ተራርቀዋል። 206 በ50 ተባዝቶ ለ48.5 ሲካፈል 212.4 ይሆናል። ከላይ ከጻፍኳቸው 14፣ 19 ተኩልና 25 ሴንቲ ጋር አስተያዩት።

8. ከእርምጃ 4 ጀምሮ ሦስት ጊዜ ድገሙት፣ የበፊቱን ቁጥር ሳታዩ። እኔ 212፣ 211፣ 214 አገኘሁ፤ 212 ብዬ ያዝኩ። ሦስቱ ከ5 ሚሊ በላይ ከተለያዩ የሆነ ነገር ተነቃንቋል ማለት ነው። አማካይ ወስዳችሁ አትለፉት፣ የተነቃነቀውን ፈልጉ።

አቋራጭ ለሚፈልግ፦ የፊቱና የኋላው ክፍል አንድ ዓይነት የሆነ ሌንስ ከሆነ ከዳያፍራሙ እስከ ሩቁ ነገር ምስል ያለው ርቀት ለእውነቱ ይቀርባል። ባለ አንድ ስስ መስታወት ከሆነም ከመስታወቱ መለካት ይሆናል። ሌንስ ገበያ ላይ ቆማችሁ ለመገመት ይበቃል። ለፔትዝቫልና ለቴሌፎቶ ግን አይሠራም።

ክፍል ሁለት፦ አፐርቸር (የብርሃኑ መግቢያ)

ኤፍ ቁጥር ማለት ፎካል ሌንግዙ፣ ወደ ሌንሱ ለሚገባው የብርሃን ዓምድ ውፍረት ሲካፈል ነው። የዓምዱ ውፍረት ከፊት መስታወቱ ስፋት ጋር አንድ ላይሆን ይችላል፤ ውስጥ ያለ ቀለበት ሊያጠበው ይችላል። ከዳያፍራሙ ቀዳዳም ጋር አንድ አይደለም፤ ከፊቱ ያለው መስታወት እንደ ማጉያ ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ከሚገባው ብርሃን ያንሳል። ስለዚህ ብርሃኑን በተቃራኒው፣ ከኋላ ወደፊት እንልከዋለን። ሲወጣ ውፍረቱን እንለካለን።

1. ሌንሱን ከቦታው አታንሱ። ዳያፍራሙን ሙሉ ክፈቱ። ሹተር ያለው ከሆነ ቲ ወይም ቢ ላይ አድርጋችሁ ክፍት አቆዩት።

2. ዳያፍራሙ ስለተከፈተ የሩቁን ፎከስ እንደገና ፈልጉ። ትንሽ ከምልክት አንድ ሊለይ ይችላል።

3. ፎይሉ ላይ 1 ሚሊ የማይበልጥ አንዲት ቀዳዳ ብሱ። ስክሪኑን አንስታችሁ ፎይሉን ልክ እዚያው ቦታ አቁሙ፤ ቀዳዳዋ የሌንሱ መሃል ላይ ትሁን።

4. ከቀዳዳዋ ኋላ ነጭ ወረቀት አድርጉ፣ ወረቀቱን በስልኩ መብራት ከቅርብ አብሩበት። ወረቀቱን አትዝለሉ። ያለ ወረቀት የስልኩ ብርሃን ቀጥ ብሎ በቀጭኑ ሊሄድ ይችላል፣ ሌንሱን ሳይሞላ ይወጣል፣ እናንተም ኤፉን ከእውነቱ የጠበበ አድርጋችሁ ትጽፉታላችሁ።

5. ክፍሉን አጨልሙ። ትሬሲንግ ፔፐሩን የሌንሱ ፊት ላይ ለጥፉት። ክብ ብርሃን ታያላችሁ። ጠርዙን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፣ አግድምም ሽቅብም፣ ከዚያ ወረቀቱን አንስታችሁ ለኩ።

6. ይሄን ማረጋገጫ አትለፉት። ወረቀቱን ከሌንሱ 1 ሜትር አርቃችሁ ያዙት። ክቡ ያው ስፋቱን መያዝ አለበት። ከሰፋ ቀዳዳዋ ለሌንሱ በጣም ቀርባለች። ከጠበበ ርቃለች። ፎይሉን ጥቂት ጥቂት አንቀሳቅሳችሁ እኩል ሲሆን ክቡን እንደገና ለኩ። ብርሃኑ ሲርቅም ስፋቱን ካልለወጠ ትክክለኛው ዓምድ ነው።

7. ፎካል ሌንግዙን ለክቡ ስፋት አካፍሉ። የእኔ 56 ሚሊ ወጣ። 212 ለ56 ሲካፈል 3.8 ነው። የፊት መስታወቱ 60 ሚሊ ነው፤ እሱን ይዤ ቢሆን ኖሮ ኤፍ 3.5 ነው ብዬ እጽፍ ነበር።

ዳያፍራሙ ላይ ያለው ቁጥር ያሳሳታል

አሁን ዳያፍራሙን በየምልክቱ እየዘጋችሁ ክቡን ለኩ። ብዙ ሰው ደንግጦ የሚጽፍልኝ እዚህ ላይ ነው፦ «4 ይላል፣ እኔ ግን 8 አገኘሁ፣ የት ተሳሳትኩ?» አልተሳሳታችሁም። እ.ኤ.አ. በ1881 እንግሊዝ ውስጥ የወጣ ዩኒፎርም ሲስተም የሚባል ሌላ አቆጣጠር አለ። አሮጌ ኮዳኮችና ብዙ የአሜሪካ ሌንሶች ላይ ይገኛል። አቻው እንዲህ ነው፦

- 1 ማለት ኤፍ 4
- 2 ማለት ኤፍ 5.6
- 4 ማለት ኤፍ 8
- 8 ማለት ኤፍ 11
- 16 ማለት ኤፍ 16
- 32 ማለት ኤፍ 22
- 64 ማለት ኤፍ 32
- 128 ማለት ኤፍ 45

የሚገጣጠሙት 16 ላይ ብቻ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ቁጥሮቹ በየደረጃው እጥፍ እየሆኑ ከሄዱና 5.6፣ 11፣ 22 የሚባሉት ከሌሉ ይሄን አቆጣጠር ጠርጥሩ። 4 የሚለውን ኤፍ 4 ነው ብላችሁ ካነሳችሁ ፊልሙ የሚያገኘው ከሚገባው ብርሃን ሩቡን ነው።

6.3፣ 9፣ 12.5፣ 18፣ 25 ካያችሁ ደግሞ እሱ የድሮ የአውሮፓ አከፋፈል ነው። ቁጥሩ እውነተኛ ኤፍ ስለሆነ እንዳለ ተጠቀሙበት።

ዳያፍራም የሌለው፣ ጎኑ ላይ ስንጥቅ ብቻ ያለው ከሆነ

ስንጥቁ የዋተርሃውስ ስቶፕ መግቢያ ነው። መሃላቸው የተበሳ የብረት ቁራጮች ነበሩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍተዋል። ከጥቁር ካርቶን መሥራት ትችላላችሁ። መጀመሪያ 20 ሚሊ ቀዳዳ ያለው አንድ ሥሩና ስንጥቁ ውስጥ ከትታችሁ ክቡን ለኩ። በእኔው ሌንስ 24 ሚሊ ሆነ። 24 ለ20 ሲካፈል 1.2 ነው፤ የፊት መስታወቱ የሚያጎላው በዚህ ልክ ነው ማለት ነው። ይሄ ቁጥር ለዚያ ሌንስ አይቀየርም።

ከዚያ ለምትፈልጉት ኤፍ ሁሉ፦ ፎካል ሌንግዙን ለኤፉ፣ የወጣውን ደግሞ ለ1.2 አካፍሉ። ለኤፍ 8፣ 212 ለ8 26.5 ነው፣ ለ1.2 ሲካፈል 22 ሚሊ። ለኤፍ 5.6 31.5 ሚሊ፣ ለኤፍ 11 16 ሚሊ፣ ለኤፍ 16 11 ሚሊ። የእናንተ ሌንስ የራሱ ቁጥር አለው፣ የእኔን 1.2 አትውሰዱ።

ስንጥቅም ዳያፍራምም ከሌለው ብዙ ጊዜ የድሮ ፕሮጀክተር ሌንስ ነው። ልኬቱ አይለወጥም፣ እንዳለ ሥሩበት።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የኋላው ክፍል ተገልብጦ መገጠሙ። በተለይ ፔትዝቫል ላይ ይበዛል፤ የሆነ ሰው ለማጽዳት ፈትቶ ሲመልስ የኋላዎቹን ሁለት መስታወቶች ያዛውራቸዋል ወይ ይገለብጣቸዋል። መሃሉ እንኳ ጥርት አልል ካላችሁ፣ ነጥቦቹም የብርሃን ጭጋግ ከለበሱ፣ ልኬቱን አቁሙና ይሄን መርምሩ። በተዛባ ሌንስ ላይ የተለካ ቁጥር ከመስታወቱ ቅደም ተከተል ጋር ይለወጣል።

ስክሪኑ ማዘንበሉ። አንደኛው ነጥብ ጥርት ብሎ ሌላው ከደበዘዘ ስክሪኑ ወይም ባለቀዳዳው ካርቶን ጠሟል። ሁለቱም እኩል እስኪጠሩ አስተካክሉ።

የቀዳዳዎቹን 50 ሚሊ በግምት መብሳት። እዚህ ላይ ግማሽ ሚሊ ከተሳሳታችሁ ውጤቱ በአንድ በመቶ ይዛባል። ከበሳችሁ በኋላ እንደገና ለኩና ሒሳቡ ውስጥ የለካችሁትን አስገቡ፤ 49.6 ከሆነ 49.6።

የፊቱን ክፍል አውጥቶ መለካት። አንዳንድ ሌንስ በግማሹ ብቻም ያነሳል፤ ግማሹ ግን የራሱ ፎካል ሌንግዝ አለው፣ በራፒድ ሬክቲሊኒየር ወደ እጥፍ ይጠጋል። ለሁለቱም መጠቀም ከፈለጋችሁ ሁለቱንም ለየብቻ ለኩ።

ስትጨርሱ ፎካል ሌንግዙን፣ ሙሉ ሲከፈት ያለውን ኤፍና ስንጥቅ ካለው ያቺን የማጉያ ቁጥር በትንሽ ወረቀት ጻፉና ክዳኑ ውስጥ ለጥፉት። ናሱ ላይ አትቧጭሩ። ቁጥሮቹ አልገጣጠም ካሏችሁና ልትጠይቁኝ ከፈለጋችሁ፣ ከሌንሱ ፎቶ ይልቅ ምልክት አንድን፣ ምልክት ሁለትን፣ የነጥቦቹን ርቀትና የክቡን ስፋት ላኩልኝ።